እምነት የሌለው ሰው የትኛውን ፓርቲ ይመርጣል?

ጥያቄው የመጣው ከጅማ ነው። ስሟን እንድተው የጠየቀች እህት እንዲህ ብላለች፦

«ሰላም መምህር። ጅማ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። አባቴ ሙስሊም ነው፣ እናቴ ኦርቶዶክስ ናት። ታናሽ ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነው። ባለፈው እሑድ ቡና እየጠጣን ‹እኔ ፈጣሪ ይኑር አይኑር አላውቅም› አለ። ቤቱ ጸጥ አለ። አባቴ ‹ኮሚኒስት ሆነሃል› ብሎ ተነስቶ ወጣ። እናቴ ደግሞ ‹እንግዲህ በምን ሊምል ነው?› እያለች ታለቅሳለች። ማታ ኢንተርኔት ላይ ሳነብ፣ አሜሪካ ውስጥ እምነት የሌላቸው ሰዎች ዴሞክራቶችን ነው የሚመርጡት የሚል አገኘሁ። እውነት እምነት የሌለው ሰው የሚመርጠው ፓርቲ የታወቀ ነው? ለምን? እኛ አገርስ?»

እህቴ፣ ሰላም ለቤታችሁ ይሁን። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የፖለቲካ ሶሺዮሎጂ ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ይህ ጉዳይ ክፍል ውስጥም ይነሳል። እንዳንቺ ከረከቦት አጠገብ ተነስቶ የመጣ ግን አጋጥሞኝ አያውቅም። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

አጭሩ መልስ ይህ ነው። ስለ አሜሪካ ያነበብሽው እውነት ነው። ግን እምነት ማጣት በራሱ ፓርቲ አያስመርጥም። ወሳኙ ነገር፣ በዚያ አገር ሃይማኖትን ይዞ የተነሳው ወገን ማን ነው የሚለው ነው። የማያምነው ሰው ከዚያ ወገን ይሸሻል። ሁሉም ሃይማኖትን ከያዘ ወይም ማንም ካልያዘ ደግሞ፣ የማያምነውም ሰው እንደ ጎረቤቱ ነው የሚመርጠው።

ከዚህ በታች የውጭውን ዓመት በእነሱ አቆጣጠር፣ የኛን በኛ እጽፋለሁ።

በመጀመሪያ ወንድምሽ ያለውን ቃል በደንብ ስሚው። «የለም» አላለም። «አላውቅም» ነው ያለው። በአማርኛ ሁለቱንም «ኢ-አማኒ» ብለን እንጠቀልላቸዋለን፤ ሲብስ «ከሀዲ» እንላለን። ልዩነታቸው ግን ትልቅ ነው። አምላክ የለም ብሎ የሚያምነው ኤቲስት ይባላል። አላውቅም፣ ምናልባትም ሊታወቅ አይችልም የሚለው አግኖስቲክ ነው። ይህን ሁለተኛ ቃል በ1869 የፈጠረው ቶማስ ሃክስሊ የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ ሕይወት ሊቅ ነው። ሌሎቹ በዚህም በዚያም በኩል «ደርሰንበታል» ሲሉ፣ እሱ እንዳልደረሰበት የሚናገርበት ስም ፈለገ። ሦስተኛ ወገንም አለ። «ሃይማኖት የለኝም፣ ስለሱም ብዙ አላስብም» የሚል። አሜሪካ ውስጥ ይህ ወገን ከኤቲስቱና ከአግኖስቲኩ ድምር ይበልጣል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ፒው የተባለው የምርምር ማዕከል በ2024 የአሜሪካ የተመዘገቡ መራጮችን ዝንባሌ አውጥቶ ነበር። ኤቲስት ነን ካሉት 84 በመቶ ዴሞክራት ናቸው ወይም ወደ ዴሞክራት ያደላሉ። ከአግኖስቲኮች 78 በመቶ። ከሦስተኛው ወገን 62 በመቶ። ልብ በይ፣ ከእርግጠኛ አለማመን ወደ ግዴለሽነት ስትሄጂ ቁጥሩ ይወርዳል። በ2014 ባደረጉት ሌላ ጥናት ኤቲስቱ 69፣ አግኖስቲኩ 64 በመቶ ነበር። የዚያኛው አቆጣጠር ትንሽ ስለሚለይ ሁለቱን አጠጋግቶ መቀነስ አይገባም። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው።

አንድ ሰው ይህን አይቶ «በቃ፣ ያላመነ ግራ ዘመም ነው» ሊል ይችላል። እዚህ ላይ ቆም በይ። በዚያው በ2024ቱ ጥናት ውስጥ ጥቁር ፕሮቴስታንቶች አሉ። አብዛኞቹ አጥብቀው የሚጸልዩ፣ ቤተ ክርስቲያን የሕይወታቸው መሃል የሆነ ሰዎች ናቸው። ወደ ዴሞክራት የሚያደሉት ስንት ናቸው? 84 በመቶ። ከኤቲስቶቹ ጋር እኩል! ነጭ ወንጌላውያን ደግሞ 85 በመቶ ወደ ሪፐብሊካን ያደላሉ። ያው መጽሐፍ ቅዱስ፣ ያው ኢየሱስ፣ ተቃራኒ ፓርቲ። ስለዚህ ፓርቲ የሚመርጠው እምነት ወይም እምነት ማጣት ነው ካልን፣ ይህን ቁጥር ማስረዳት አንችልም። የጥቁሮቹ ምርጫ የመጣው ከመብት ትግላቸው ነው። የኤቲስቶቹስ?

የእነሱ የመጣው ከአንድ የተወሰነ ታሪክ ነው። አሜሪካ ውስጥ እስከ 1970ዎቹ ድረስ ቤተ ክርስቲያን በሚሄደውና በማይሄደው ሰው መካከል የፓርቲ ልዩነቱ ይህን ያህል አልነበረም። በሁለቱም ፓርቲ አጥባቂም ለዘብተኛም ነበር። ከዚያ ስለ ትምህርት ቤት ጸሎት፣ ስለ ውርጃ ክርክሩ ጋለ። በ1979 ጄሪ ፋልዌል የተባለ ሰባኪ «ሞራል ማጆሪቲ» የሚባል ድርጅት አቋቋመ። በ1980 ምርጫ ይህ እንቅስቃሴ ከሪፐብሊካኑ ሬገን ጎን ቆመ። ከዚያ ወዲህ አንዱ ፓርቲ የአማኞች፣ ሌላው የዓለማውያን ተደርጎ መታየት ጀመረ። የማያምነው ሰው በየምርጫው «ይህቺ የክርስቲያኖች አገር ናት» የሚል ንግግር ሲሰማ፣ ተናጋሪው እሱን እንደማይፈልገው ይገባዋል። ስለዚህ ወደ ሌላኛው በር ይሄዳል። የሌላኛውን ቤት ሁሉ ወዶት አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። የአሜሪካ ኤቲስቶች አብዛኞቹ ነጭና ወንድ ናቸው። ነጭ ወንዶች በጥቅሉ ደግሞ ወደ ሪፐብሊካን ያደላሉ። እነዚህ ግን በተቃራኒው ሄደዋል። ይህ ግፊቱ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ያሳያል።

ለኔ ከሁሉም የሚገርመው ግን የሚከተለው ነው። ሁላችንም እምነት መጀመሪያ፣ ፖለቲካ በኋላ ይመጣል ብለን እናስባለን። ማይክል ሃውት እና ክሎድ ፊሸር የተባሉ ሁለት የሶሺዮሎጂ ምሁራን በ2002 ተቃራኒውን የሚያሳይ ጽሑፍ አወጡ። በ1990ዎቹ «ሃይማኖት የለኝም» የሚሉ አሜሪካውያን ከ7 በመቶ ወደ 14 በመቶ እጥፍ አደጉ። እነማን ናቸው የወጡት? በብዛት በፖለቲካ ለዘብተኛና ግራ ዘመም የሆኑ፣ ከቤተ ክርስቲያን ጋር ያላቸው ግንኙነት የላላ ሰዎች። ብዙዎቹ ደግሞ በፈጣሪ ማመን አላቆሙም። የተዉት ስሙን ነው። «ሃይማኖተኛ ማለት የዚያ ፓርቲ ሰው ማለት ከሆነ እኔ የለሁበትም» ያሉ ያህል ነው። እንግዲህ ፖለቲካው ነው ከቤተ ክርስቲያን ያወጣቸው። ሃይማኖትንና ፓርቲን አንድ ላይ መስፋት የሚወዱ ሁሉ ይህን ቢያስቡበት እመኛለሁ። አማኝ እየሰበሰቡ መስሏቸው ይበትናሉ።

ከአሜሪካ እንውጣ። ምሥራቅ ጀርመንን ተመልከቺ። ያ አካባቢ እስከ 1990 ድረስ በኮሚኒስት መንግሥት ሥር ነበር። ዛሬ በዓለም ላይ ሃይማኖት የሌለው ሰው ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። እምነት ማጣት ወደ ግራ የሚገፋ ቢሆን ኖሮ እዚያ ግራው ብቻ ይነግሥ ነበር። በየካቲት 2025 ምርጫ በምሥራቁ ግዛቶች አንደኛ የወጣው ግን አማራጭ ለጀርመን የሚባለው፣ ስደተኛን አጥብቆ የሚቃወም ቀኝ ዘመም ፓርቲ ነው። በአገር ደረጃ 20.8 በመቶ አግኝቶ ሁለተኛ ሆኗል። የጀርመን ካቶሊክ ጳጳሳት ከዓመት በፊት ክርስቲያን ይህን ፓርቲ ሊመርጥ አይገባም ብለው መግለጫ አውጥተው ነበር። ቤተ ክርስቲያን አዘውትሮ በማይሄድ ሕዝብ ዘንድ ግን የጳጳስ መግለጫ ምን ያህል ይሰማል? በአሜሪካ የማያምኑት ወደ ግራ፣ በምሥራቅ ጀርመን ብዙዎቹ ወደ ቀኝ። አለማመናቸው አንድ ነው። የተለየው የየአገራቸው ታሪክ ነው።

አሁን ወደ አባትሽ ልምጣ። «ኮሚኒስት» ያሉት ቃል ከባዶ አልመጣም። በኛ አገር እምነት የለኝም የሚለው ነገር ለብዙ ሰው ጆሮ የደረሰው ከማርክስና ከሌኒን ጋር ተያይዞ ነው። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ከወጡት ተማሪዎች በኋላ የመጣው ትውልድ ሶሻሊዝምን ሲያነብ፣ ሃይማኖትን መተውም እንደ ዘመናዊነት የታየበት ጊዜ ነበር። ከዚያ ደርግ መጣ። በ1971 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ ተገደሉ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳም በዚያው ዓመት ታፍነው ተገደሉ። የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ በግልጽ መጸለይ ያስፈራ ነበር። በዚያ ዘመን የኖረ ሰው «አላምንም» የሚለውን ቃል ሲሰማ «ካድሬ» ብሎ ቢተረጉመው አልፈርድበትም። እኔ ራሴ በልጅነቴ አጎቴ ከሥራ ሲመለስ ብቻ ማተቡን ሲያስር አይቻለሁ። ያን ፍርሃት አልረሳውም።

ግን ያው ታሪክ ሌላም ነገር ይናገራል። ኢሕአፓንና መኢሶንን አስቢ። ሁለቱም ማርክሲስት ነን ያሉ፣ ከአንድ የተማሪ ንቅናቄ የወጡ፣ አንድ ዓይነት መጽሐፍ ያነበቡ። በየቤታቸው የሚጸልዩ አባላት እንደነበሯቸው አውቃለሁ። መሪ ሐሳባቸው ግን ፈጣሪን አይጨምርም ነበር። መኢሶን ለደርግ «ሂሳዊ ድጋፍ» እሰጣለሁ አለ። ኢሕአፓ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ አለ። በዚህ ልዩነት የአንድ ሰፈር ልጆች፣ የአንድ ቤት ወንድማማቾች ተገዳደሉ። በመጨረሻ ደርግ ሁለቱንም ፈጃቸው። እምነት ማጣት ፓርቲ የሚያስመርጥ ቢሆን እነዚህ ልጆች አንድ ወገን ይሆኑ ነበር። የለያያቸው የሥልጣን ጥያቄ ነው፤ ሥልጣን በማን እጅ ይሁን የሚል።

ሌላም አለ፤ አባትሽ ይህን ከኔ በላይ ሊያውቁት ይችላሉ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሙስሊሞች ለእኩልነት ሰልፍ ወጡ፤ ብዙ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ነበሩ። የእስልምና በዓላት ብሔራዊ በዓል የሆኑት ከዚያ በኋላ፣ በደርግ ዘመን ነው። ያ አምላክን የማይጠራ መንግሥት በአንድ እጁ እንዲህ አደረገ፣ በሌላው እጁ ፓትርያርክ ገደለ። ስለዚህ «ሃይማኖት የለሽ ፖለቲካ» የሚባል አንድ ወጥ ነገር የለም።

ዛሬስ? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል። ትልልቆቹ ፓርቲዎቻችንም የሚለያዩት በሃይማኖት መስመር አይደለም። የሚለያዩት በብሔር ጥያቄ፣ በፌዴራል አወቃቀር፣ በሰላም፣ በኑሮ ነው። ፖለቲከኞቻችን የፈጣሪን ስም አይጠሩም ማለቴ አይደለም። ሁሉም ይጠራሉ። ሁሉም ስለሚጠሩ ነው ስሙ አንዱን ከሌላው የማይለየው። ስለዚህ ወንድምሽን የመሰለ ልጅ በእምነቱ ምክንያት የሚሸሸው ወይም የሚጠጋው ፓርቲ የለውም። እንደ ጓደኞቹ ስለ ሥራ፣ ስለ ቋንቋው፣ ቤተሰቡ ቡና የሚያለማ ከሆነ ስለ ቡና ዋጋ፣ ከአጋሮ መንገድ ላይ በሰላም ስለመመለስ አስቦ ነው የሚመርጠው።

«ግን በጥናት ተረጋግጧል?» ትይኝ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሙያዬ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የጅማ ከተማ ነዋሪ 47 በመቶ ገደማ ኦርቶዶክስ፣ 39 በመቶ ሙስሊም፣ 13 በመቶ ፕሮቴስታንት ተብሎ ተመዝግቧል። ተደምሮ 99 ነው። በቀረው አንድ በመቶ ውስጥ ካቶሊኩም፣ ሌላውም ሁሉ ተጨናንቋል። የማያምን ሰው ለብቻው አልተቆጠረም። አፍሮባሮሜትር የሚባለው የአፍሪካ የአስተያየት ጥናት ከ2013 ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራል፤ ኤቲስት እና አግኖስቲክ የሚል መልስም ይመዘግባል። ግን የሚጠይቀው ወደ 2,400 ሰው ነው። ከመቶ አንድ ሰው «አላምንም» ቢል እንኳ 24 ሰው ነው የሚሆነው። በ24 ሰው «ኢ-አማኒዎች ይህን ፓርቲ ይመርጣሉ» የሚል ሰው ቢመጣብሽ አትመኚው።

ከዚህ የባሰ ችግርም አለ። ጠያቂው ቤት ይመጣል። እናት ቡና እያፈላች ነው። ጎረቤት ተቀምጧል። «ሃይማኖትህ ምንድን ነው?» ሲባል ወንድምሽ ምን ይላል? ያደገበትን ይናገራል። ተመራማሪዎች ለዚህ አንድ ጥሩ መላ አላቸው። ሰዎቹን በዕጣ ለሁለት ይከፍላሉ። ለመጀመሪያዎቹ አራት ዓረፍተ ነገር ይሰጣሉ፤ በጅማ ቢሆን «ዛሬ ቡና ጠጥቻለሁ፣ ብስክሌት መንዳት እችላለሁ፣ ኳስ እከታተላለሁ፣ አጋሮ ሄጄ አውቃለሁ» ልንል እንችላለን። «የትኛው እንደሆነ አትንገሩን፤ ስንቱ እውነት እንደሆነ ብቻ ቁጥሩን ንገሩን» ይባላሉ። ለሁለተኛዎቹ እነዚያው አራቱና አምስተኛ ይሰጣቸዋል፦ «በፈጣሪ መኖር አላምንም»። ለምሳሌ የመጀመሪያዎቹ አማካይ 2.1፣ የሁለተኛዎቹ 2.2 ቢወጣ፣ ልዩነቱ 0.1 ነው። ከመቶ አሥሩ አያምኑም ማለት ነው። ማን እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም። ማንም አልተጋለጠም።

አሜሪካ ውስጥ ዊል ጀርቬዝ እና ማክሲን ናይል በ2018 ይህን መንገድ ተጠቅመው፣ የማያምነው ሰው 26 በመቶ ገደማ ሊሆን ይችላል አሉ። በቀጥታ ሲጠየቁ የሚገኘው ከ3 እስከ 11 በመቶ ነበር። አያሽ፣ እንደዚያ ባለ አገር እንኳ ሰው ይደብቃል። ይህ የፓርቲውንም ቁጥር ይነካዋል። ያ 84 በመቶ የማያምኑ ሁሉ አይደለም። «ኤቲስት ነኝ» ብለው አፋቸውን ሞልተው የተናገሩት ነው። ደፍሮ የሚናገር ሰው ደግሞ በፖለቲካም ደፋር የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ዝም ያሉት ማንን ይመርጣሉ? ከነሱ ውስጥ እሑድ እሑድ ከሚስቱ ጋር ቤተ ክርስቲያን እየሄደ ሪፐብሊካን የሚመርጥ ስንት እንዳለ ያ ቁጥር አይነግረንም። ጅማ ላይ ጥናት ብሠራ መጀመሪያ የማስበው ስለነዚህ ዝም ስላሉት ነው።

የእናትሽ ጥያቄ ቀረ። «በምን ሊምል ነው?» ብለዋል። ይህ የዋዛ ጥያቄ አይደለም። የእንግሊዝ ፓርላማ በዚሁ ጉዳይ ስድስት ዓመት ተጨቃጭቋል። በ1880 ኖርዝሃምፕተን የምትባል ከተማ ቻርልስ ብራድሎ የተባለ ሰው መረጠች። ኤቲስት ነው። በፈጣሪ ከመማል ይልቅ በቃሌ ላረጋግጥ አለ፤ አይሆንም ተባለ። እሺ ልማል ሲልም ማመንህን አላመንንም ተባለ። ታሰረ፣ ከአዳራሽ ተጎትቶ ወጣ። ከተማዋ ደጋግማ መረጠችው። በ1886 ወንበሩን ያዘ። በ1888 ሳይምሉ በቃል ማረጋገጥ የሚቻልበት ሕግ ወጣ። ዛሬ የፓርላማ አባል የሆነ ሁሉ ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል። ለአባትሽ ደግሞ ይህን ንገሪልኝ፦ ያ ሰው ኮሚኒስት አልነበረም። የሊበራል ፓርቲ ሰው ነበር፤ በ1884 ሶሻሊዝም ለእንግሊዝ ሕዝብ አይበጅም ብሎ አደባባይ ላይ ተከራክሯል።

ለወንድምሽ ድምፅ መስጠት ግን መማል አያስፈልገውም። አንቀጽ 27 ማንንም በእምነቱ ማስገደድ ይከለክላል። አንቀጽ 38 ደግሞ 18 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ በሃይማኖትም በሌላ አስተሳሰብም ሳይለይ በምስጢር ድምፅ ይመርጣል ይላል። ዕድሜው ደርሷል፤ ካርዱን ይውሰድ።

አባትሽ ተነስተው መውጣታቸው አሳዝኖኛል፤ ግን የሚመለሱ ይመስለኛል። በሚቀጥለው እሑድ ቡናው ሲቀርብ ስለ ፓርቲ ክርክር አታንሺ። ስለ ኢሕአፓና ስለ መኢሶን ጠይቂያቸው። ማንን ያውቁ ነበር፣ ማን ከየትኛው ወገን ነበር፣ ማን ሳይመለስ ቀረ? ወንድምሽ ከጎናቸው ተቀምጦ ይስማቸው።